የሰማይ ዘብ፦ የ586ኛው ተዋጊ ሬጅመንት ታሪክ

በሣራቶቭ ከተማ አጠገብ በቮልጋ ወንዝ ላይ የተዘረጋ ረዥም የባቡር ድልድይ አለ። በ1935 ተሠርቶ የተከፈተው ይህ ድልድይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስታሊንግራድ በእሳት ስትለበለብ በነበረችበት በ1942 ወታደሩ፣ ስንቁ፣ ጥይቱና ነዳጁ ከሚያልፍባቸው ጥቂት በሮች አንዱ ነበር። የሂትለር ቦምብ ጣዮች ደጋግመው ተመላልሰውበታል። ድልድዩ ግን አልፈረሰም። ቢፈርስ ኖሮ ፎቶግራፉ በየመጽሐፉ ይታተም፣ የፈረሰበትም ቀን በየትምህርት ቤቱ ይጠና ነበር። ባለመፍረሱ ግን ባቡሩ እንደ ወትሮው አለፈ፤ ያለፈውንም ባቡር ማንም አልቆጠረው።

ድልድዩን፣ የከተማይቱን የነዳጅ ማጣሪያና የአይሮፕላን ፋብሪካ ከሰማይ ከጠበቁት የጦር ክፍሎች አንዱ 586ኛው ተዋጊ የአቪዬሽን ሬጅመንት ይባል ነበር። በቀይ ጦር አደረጃጀት ሬጅመንት ማለት ከሁለት ወይም ከሦስት ስኳድሮኖች የሚዋቀር የአየር ክፍል ነው። ይህኛው ከብዙዎቹ መሰሎቹ የሚለየው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ግንባሩን ተከትሎ ጠላትን እያሳደደ የሚወጋ ሳይሆን ከአንድ ሥፍራ ላይ ቆሞ ወደ ከተማ፣ ወደ ድልድይ፣ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚመጣውን ቦምብ ጣይ ገና መንገድ ላይ ሳለ የሚያግድ የአየር መከላከያ ሠራዊት አካል ነበር። ሁለተኛ፣ ሲመሠረት አብራሪዎቹ ሁሉ፣ መካኒኮቹም በአብዛኛው፣ ሴቶች ነበሩ።

የሬጅመንቱ ታሪክ ከአንዲት ሴት ስም ጋር ተያይዞ ይጀምራል። ማሪና ራስኮቫ በ1912 ተወለደች። በሙያዋ የአየር መንገድ መሪ፣ ማለትም አቅጣጫ ቀያሽ ነበረች። በመስከረም 1938 ከቫለንቲና ግሪዞዱቦቫና ከፖሊና ኦሲፔንኮ ጋር ሆና ከሞስኮ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ያለ ማረፍ ለ26 ሰዓት ከ29 ደቂቃ በረረች። ነዳጁ ሲያልቅና አይሮፕላኑ በሆዱ ማረፉ የማይቀር ሲሆን፣ የራስኮቫ መቀመጫ ከፊት አፍንጫው ላይ በመሆኑ ሕይወቷ እንዳይጠፋ በፓራሹት እንድትዘል ታዘዘች። ከወረደችበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ጥቂት ምግብ ብቻ ይዛ ለ10 ቀን ተንከራትታ ጓደኞቿን አገኘች። ሦስቱም የሶቪየት ኅብረት ጀግና የሚለውን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበሉ ሴቶች ሆኑ። ከዚያ በኋላ ራስኮቫ በአገሪቱ ስሟ ያልተሰማበት ቤት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1930ዎቹ ዓመታት በየከተማው በተቋቋሙት የአየር ክበቦች እጅግ ብዙ ወጣት ሴቶች መብረር ተምረው ነበር። ከእነርሱም መካከል አስተማሪዎች ሆነው ወንዶችን ለአብራሪነት ያበቁ አያሌ ናቸው። በሰኔ 1941 ጀርመን ስትወር እነዚህ ሴቶች ወደ ጦር መመልመያ ጽሕፈት ቤቶች ተንጋጉ፤ ያገኙት መልስ ግን እንቢታ ነበር። ትናንት ያስተማሩት ልጅ ግንባር ሲሄድ መምህሪቱ ቤቷ እንድትቀመጥ ተነገራት። አቤቱታው በደብዳቤ በደብዳቤ ሆኖ ወደ ራስኮቫ ጎረፈ፤ እርሷም ጉዳዩን ይዛ እስከ በላይ ባለሥልጣን ድረስ ገባች። ጠላት ወደ ሞስኮ በተቃረበበት በጥቅምት 8 ቀን 1941 ሦስት የሴቶች የአየር ሬጅመንቶች እንዲቋቋሙ ትእዛዝ ወጣ። ተዋጊው 586ኛ፣ ቦምብ ጣዩ 587ኛ፣ የሌሊት ቦምብ ጣዩ 588ኛ ተባሉ።

ሥልጠናው የተሰጠው በቮልጋ ማዶ፣ ከሣራቶቭ ትይዩ በምትገኘው በኤንግልስ ከተማ ነበር። በሰላሙ ጊዜ ዓመታት የሚፈጀው ትምህርት በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠቅጥቆ ተሰጠ። የታደላቸው ልብስ ለወንድ የተሰፋ፣ ጫማውም ለወንድ እግር የተሠራ ስለነበር ውስጡን በጨርቅና በጋዜጣ ይሞሉት ነበር። ራስኮቫ ጸጉራቸው አጥሮ እንዲቆረጥ አዘዘች። በርካታ ልጃገረዶች ከልጅነት ጀምሮ ያሳደጉትን ጉንጉን ሲቆርጡ ማልቀሳቸውን ኋላ በሽምግልናቸው ሲያወሱት ይሥቁ ነበር።

ለሬጅመንቱ የተሰጠው ያክ-1 የተባለው ተዋጊ አይሮፕላን ነው። ክንፉ ከእንጨት፣ የኋላ አካሉ በሸራ የተለበጠ፣ ቀላልና ፈጣን ነበር። በአፍንጫው መካከል አንድ ባለ 20 ሚሊሜትር መድፍ፣ ከላይ ደግሞ መትረየስ ተጠምዶበታል። የሚሠራውም እዚያው ሣራቶቭ ባለው ፋብሪካ ነበረና ሴቶቹ የሚበሩበት አይሮፕላን የተወለደበትን ቤት ራሳቸው ይጠብቁ ነበር ማለት ነው። (ሬጅመንቱ ከሣራቶቭ ከለቀቀ በኋላ በሰኔ 1943 ጀርመኖች ፋብሪካውን በሌሊት ደብድበው አብዛኛውን ክፍል አወደሙት፤ ሠራተኞቹ ጣሪያ በሌለው አዳራሽ ውስጥ ሆነው ምርቱን አስቀጠሉ።)

ከሦስቱ ሬጅመንቶች ቀድሞ ለግዳጅ የበቃው 586ኛው ነበር። በሚያዝያ 1942 የሣራቶቭን ሰማይ እንዲጠብቅ ተመደበ። የመጀመሪያዋ አዛዥ ሻለቃ ታማራ ካዛሪኖቫ ነበረች።

እዚህ ላይ የዘብነቱን ሥራ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ስለ አየር ጦርነት የሚነገረው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተኩሱ ነውና። የአንድ ዘብ አብራሪ ቀን የሚያልፈው በመጠበቅ ነው። ተረኛይቱ ፓራሹቷን ታጥቃ፣ በቀበቶ ተጠፍራ፣ ክዳኑ በተከፈተ ጠባብ መቀመጫ ውስጥ ትቀመጣለች። በበጋ ብረቱ ይጋረፋል፤ በክረምት እግር ይደነዝዛል። ከሩቅ ባሉ የመመልከቻ ጣቢያዎች የተቀመጡ ሰዎች የሞተር ድምፅ ሲሰሙ በስልክ ያስታውቃሉ፤ የማዘዣው ጣቢያ አቅጣጫውንና ከፍታውን ይገምታል፤ አረንጓዴ ርችት ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ቦምብ ጣዩ ከዒላማው ከመድረሱ በፊት እርሷ ከእርሱ በላይ መውጣት አለባት። ከዘገየች ሥራው ሁሉ ከንቱ ሆነ። በጊዜ ከደረሰች ደግሞ ጠላት ብዙ ጊዜ ቦምቡን ሜዳ ላይ አራግፎ ይመለሳል። ያኔ የወደቀ አይሮፕላን የለም፤ የሚመዘገብ ድል የለም፤ ያለው ከሜዳው ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው።

የመካኒኮቹ ድካም ከዚህ የባሰ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። በሩሲያ ብርድ የሞተሩ ውኃና ዘይት እንዳይረጋ ማታ ይቀዳል፤ ከንጋት በፊት ተሞቆ ይመለሳል። አይሮፕላኑ በማናቸውም ደቂቃ እንዲነሣ ከተፈለገ ደግሞ ሞተሩን ሌሊቱን ሙሉ በየጊዜው እያስነሱ ማሞቅ የግድ ነው። በጓንት የማይያዙ ትናንሽ ብሎኖች ስለነበሩ በባዶ እጅ ይሠሩ ነበርና ቆዳቸው ከብረቱ ጋር ይጣበቅ ነበር። አብራሪዋ ስትሸለም ስማቸው አብሮ አይጠራም።

በመስከረም 24 ቀን 1942 ሌሊት ዩንከርስ-88 ቦምብ ጣዮች ወደ ሣራቶቭ መጡ። ቫሌሪያ ሆምያኮቫ ተነሣች። ሆምያኮቫ በሙያዋ የኬሚካል መሐንዲስ፣ ከጦርነቱ በፊት በሞስኮ የአየር ትርኢቶች ላይ የታወቀች አብራሪ ነበረች። ባውዛዎቹ አንዱን ቦምብ ጣይ በብርሃን ይዘው አቆዩላት፤ ተጠግታ ተኮሰች፤ አይሮፕላኑ ወደቀ። ሴት አብራሪ በሌሊት ውጊያ የጠላት አይሮፕላን ስትጥል ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። የሬጅመንቱም የመጀመሪያ ድል ይህ ነበር። ሆምያኮቫ ወደ ሞስኮ ተጠርታ ተሞገሰች።

ከዚያ ሌሊት በኋላ የኖረችው ግን ሁለት ሳምንት አይሞላም። በጥቅምት ወር መጀመሪያ ከሞስኮ እንደተመለሰች ለሌሊት ተረኛነት ተመደበች። ጓደኞቿ በኋላ እንደተረኩት፣ ከመንገድ ድካም የተነሣ በምድር ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ የመነሻው ምልክት ተሰጠ። ከመብራት ወጥታ ወደ ድፍን ጨለማ ሮጠች፤ ዐይኗ ጨለማውን ሳይለምድ ተነሣች፤ ወዲያው ተከስክሳ ሞተች። የሰው ዐይን ከብርሃን ወጥቶ ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህን ማንኛውም የሌሊት አብራሪ ያውቀዋል። ስለዚህም በሬጅመንቱ ውስጥ «ማን መደባት?» የሚለው ጥያቄ ከሐዘኑ እኩል ተነሣ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። ሬጅመንቱ ውስጥ በአዛዥነቱ ጉዳይ ቀድሞውንም ቅሬታ ነበር። ካዛሪኖቫ ከአብራሪዎቿ ጋር ወደ ውጊያ አትወጣም፣ ከእነርሱም ጋር ሆድና ጀርባ ናት ተብላ ትወቀስ ነበር። ከሆምያኮቫ ሞት ጥቂት ቀደም ብሎ በመስከረም 1942 ስምንት አብራሪዎች ከነመካኒኮቻቸው ወደ ስታሊንግራድ ግንባር ተላኩ። ግንባሩ ሰው አጥሮት ነውና ነው የሚሉ አሉ፤ አዛዧን የተቃወሙትን ለማራቅ ነው የሚሉም አሉ። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሬይና ፔኒንግተን በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ጉዳይ በስፋት መርምራዋለች። ይህ ጸሐፊ ከሩቅ ሆኖ ፍርድ መስጠት አይደፍርም፤ ሆኖም ጀግኖች በተሰበሰቡበት ቤት ሁሉ ስምምነት አለ ብሎ መጻፍ ለጀግኖቹም ክብር እንደማይሆን ያምናል። በዚያው በጥቅምት ወር ካዛሪኖቫ ተነሥታ ሻለቃ አሌክሳንደር ግሪድኔቭ የተባለ ወንድ መኮንን አዛዥ ሆነ፤ እስከ ጦርነቱም ፍጻሜ መራው። የሄዱትን ለመተካት ወንዶች አብራሪዎች ገብተው አንድ ስኳድሮን ሞሉ። ከዚህ ወዲያ 586ኛው የሴቶች ብቻ ሬጅመንት አልነበረም።

ከተላኩት ከስምንቱ መካከል ሊዲያ ሊትቪያክና የካቴሪና ቡዳኖቫ ይገኙበት ነበር። ሊትቪያክ ጸጉሯን እንደ ወርቅ አድርጋ የምትንከባከብ፣ ከታደላት የጸጉር ጫማ ላይ ቆርጣ ለጃኬቷ ኮሌታ በመሥራቷ በኤንግልስ የተቀጣች ልጅ ናት። ሁለቱም ከወንዶች ሬጅመንት ገብተው በነፃ አደን ላይ ተሰማሩ፤ በዓለም ታሪክ ከፍተኛ ድል ካስመዘገቡት ሴት ተዋጊ አብራሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሥፍራዎች ያዙ። የጣሉት አይሮፕላን ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቡዳኖቫ በሐምሌ 1943 ወደቀች። ሊትቪያክ በነሐሴ 1 ቀን 1943፣ 22 ዓመት ሳይሞላት፣ ወጥታ አልተመለሰችም። ሬሳዋ ባለመገኘቱ «ምናልባት ተማርካ ይሆናል» የሚል ጥርጣሬ ተጭኖባት ለ47 ዓመት ያህል የጀግንነት ማዕረግ ተነፈጋት፤ የተሰጣትም በግንቦት 1990 ነው። ቡዳኖቫም በ1993 የሩሲያ ፌዴሬሽን ጀግና ተብላለች። ዛሬ ስለ ሶቪየት ሴት ተዋጊ አብራሪዎች ሲነሣ የሚጠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የጀመሩበት ቤት ግን ከስማቸው ኋላ ተሸፍኖ ቀርቷል።

ራስኮቫ ራሷ የቦምብ ጣዩን ሬጅመንት ትመራ ነበር። በጥር 4 ቀን 1943 ወደ ግንባር ስትበር በመጥፎ አየር አይሮፕላኗ ተከስክሶ ሞተች፤ አመዷም በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ሬጅመንቶች በአንድ ድምፅ የሚከራከርላቸው ሰው አላገኙም።

በ1943 መጀመሪያ ላይ ቮሮኔዥ ነፃ ስትወጣ 586ኛው ወደዚያው ተዛወረ። ምድሩ የፈረሰ ከተማ፣ ሰማዩ ግን አሁንም የጠላት መመላለሻ ነበር። ከቮሮኔዥ በስተ ምዕራብ ካስቶርናያ የምትባል የባቡር መገናኛ ጣቢያ አለች። ኋላ የኩርስክ ጦርነት ለተካሄደበት ግንባር የሚሄደው ሁሉ የሚያልፈው በእርሷ ነበር። በመጋቢት 19 ቀን 1943 ሐዲዱ በባቡር ተጨናንቆ ሳለ የጠላት አይሮፕላን መምጣቱ ተነገረና ሁለት ተረኞች፣ ታማራ ፓምያትኒህና ራይሳ ሱርናቼቭስካያ፣ ተነሡ። ፓምያትኒህ ከሩቅ ያየችው በመጀመሪያ የወፍ መንጋ መስሏት ነበር። ሲቀርብ 42 ቦምብ ጣዮች ነበሩ።

ሁለቱ የነበራቸው ጥቅም ከፍታና ፀሐይ ብቻ ነው። ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው ከላይ ወደ መካከላቸው ተወረወሩ። በመጀመሪያው ምት ሁለት ወደቁ። ሰልፉ ፈረሰ፤ አብዛኞቹ ቦምባቸውን ከጣቢያው ውጪ አራገፉ። እንደገና ወጥተው እንደገና ተወረወሩ፤ ሌሎች ሁለት ወደቁ። በዚህ መካከል የፓምያትኒህ አይሮፕላን ክንፉ ተቆርጦ ይሽከረከር ጀመር፤ ተጣብቃ ከቆየችበት መቀመጫ ወጥታ ስትዘል ምድር እጅግ ቀርቦ ነበርና ፓራሹቷ እንደተከፈተ ነው እግሯ መሬት የነካው። ሱርናቼቭስካያ ሞተሯ ተመትቶ በሆዱ ሜዳ ላይ አሳረፈችው። ሁለቱም በሕይወት ተረፉ። ጣቢያዋም ተረፈች። ወሬው ከአገር ውጭ ተሰማና ከብሪታኒያ ንጉሥ ስም የወርቅ ሰዓት እንደተላከላቸው ይነገራል።

ከካስቶርናያ በኋላ ሬጅመንቱ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ጦር እየተከተለ ኩርስክን፣ ኪየቭን፣ ዢቶሚርን ጠበቀ፤ የጦርነቱም ፍጻሜ በሃንጋሪ ምድር አገኘው። ያክ-7 እና ያክ-9 ተጨመሩለት። የዚህ ጊዜ ታሪክ በአብዛኛው ያው መጠበቅ፣ ያው አረንጓዴ ርችት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አናስረዝመውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ የተዘጋው መዝገብ እንዲህ ይላል፦ 4,419 የውጊያ በረራ፣ 125 የአየር ግጥሚያ፣ 38 የተጣሉ የጠላት አይሮፕላኖች። አንባቢ ቁጥሮቹን እርስ በርስ ቢያካፍላቸው በአማካይ ከ35 በረራ አንዱ ብቻ ወደ ግጥሚያ እንዳመራ ይረዳል። በቀሩት አብራሪዋ ወጥታ፣ ዞራ፣ ጠብቃ፣ ጥይቷን እንደያዘች ተመልሳለች። አንድ አይሮፕላን ለመጣል በአማካይ 116 ጊዜ መነሣት አስፈልጓል። ለሹማምንት ሪፖርት ይህ ደካማ ቁጥር ይመስላል፤ የሰማይ ዘብ ሥራ ግን እንደዚህ ነው።

የሽልማቱ መዝገብ የተጻፈው በሪፖርቱ ሚዛን ነበር። እኅት ሬጅመንቶቹ ሁለቱም «የዘብ ጥበቃ» የሚለውን የክብር ስም አግኝተው 588ኛው 46ኛ፣ 587ኛው 125ኛ የክብር ሬጅመንት ተብለዋል። ከ46ኛው ብቻ ከ20 የሚበልጡ ሴቶች የሶቪየት ኅብረት ጀግና ሆነዋል። 586ኛው ይህን የክብር ስም አላገኘም። በዚያው ሬጅመንት ውስጥ ላገለገለችበት ሥራ የጀግና ማዕረግ የተሰጣት አንዲትም ሴት የለችም፤ የካስቶርናያዎቹም ቢሆኑ። ስሙ ራሱ «ዘብ» የሆነውን ማዕረግ ማጣቱ የዘብ ሬጅመንት ላይ መድረሱ ለዚህ ጸሐፊ ሁልጊዜ ይገርመዋል።

ሥነ ጥበቡም ከሪፖርቱ አልተሻለም። የሌሊት ቦምብ ጣዮቹ ከራሳቸው መካከል ዳይሬክተር አግኝተዋል። የ46ኛው ሬጅመንት አብራሪ የነበረችው የቭጌንያ ዢጉሌንኮ በ1981 ስለ ጓደኞቿ የፊልም ሥራ አቅርባለች። በእንጨት አይሮፕላን ሌሊት በጠላት ራስ ላይ መዞር ለካሜራ የተመቸ ነው። በአንጻሩ ቀበቶ ታጥቃ ስድስት ሰዓት የተቀመጠችን ሴት፣ ወይም ሜዳ ላይ የተራገፈን ቦምብ፣ በምን ትዕይንት ያሳዩታል? የኪነት ባለሙያ አንባቢዎቻችን ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ እንዳይወስዱብን እንለምናለን። መጠበቅን በመድረክ ላይ ማሳየት ሞትን ከማሳየት የከበደ ሥራ ነውና።

በ1945 ሬጅመንቱ ፈረሰ። ሰንደቁ ተጠቀለለ፣ አይሮፕላኖቹ ለሌሎች ተሰጡ፣ ሴቶቹ ከጦሩ ተሰናበቱ። የጦር አቪዬሽን ትምህርት ቤቶችም በራቸውን ለሴት ዘጉ። በሐምሌ 1945 ሚካኤል ካሊኒን የተሰናበቱትን ወጣት ሴቶች ሲቀበል ስላበረከቱት አገልግሎት ራሳቸው እንዳያወሩ፣ ሌሎች ቢያወሩላቸው እንደሚሻል መክሯቸዋል። ምክሩን በክፋት ሰጠው አንልም። ይሁን እንጂ እነርሱ ዝም ሲሉ የሚያወራላቸው ሰው ለብዙ ዓመታት አልተነሣም። ከሴት አብራሪዎቹ የተሰበሰበ የትዝታ መጽሐፍ በሞስኮ የታተመው በ1962 ነው።

ከተሰናበቱት መካከል መብረርን ያልተዉ ነበሩ። ኦልጋ ያምሽቺኮቫ፣ በሬጅመንቱ ውስጥ በሌሊት በረራ የታወቀችው፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አይሮፕላን ፍተሻ ሥራ ገባች፤ በ1947ም ጄት ካበረሩት የመጀመሪያዎቹ ሶቪየት ሴቶች አንዷ ሆነች። ሌሎቹ ወደ ሲቪል አቪዬሽን፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ልጆቻቸው ሄዱ።